ይቺ ዘመቻ ትለፍና

ከመካከላችሁ ዘንዶ የገደለ አለ? እኔ እስካሁን አራት ገድያለሁ። ሦስቱ ትናንሽ ነበሩ፤ አራተኛው ግን አዳማ ላይ ቢተኛ ጅራቱ ወንጂ ይደርስ ነበር። ጠጥቶ ነው እንዳትሉኝ። ጌም ነው። ኢንተርኔት ላይ ከሰው ጋር የሚጫወቱት፣ አስማትና ሰይፍ ያለበት ጌም።

አውቃለሁ፣ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ፀጉሬ ከፊት መሸሹንም አውቃለሁ። በእናንተ ቤት ይሄ የጎረምሳ ሥራ ነው። ግን እስቲ የኔን ሥራ ስሙና ፍረዱ። መኪና መንዳት አስተምራለሁ። ከጠዋት ጀምሮ ከአንድ የሚንቀጠቀጥ ሰው አጠገብ ቁጭ ብዬ "ፍሬን፣ ፍሬን፣ ኧረ ፍሬን" ስል እውላለሁ። መለማመጃ ሜዳው ላይ በርሜል ዞረን፣ ወደ ኋላ ሄደን፣ ተመልሰን እዚያው እንቆማለን። ቀኑን ሙሉ እነዳለሁ፣ የትም አልደርስም። እንዲህ የሚውል ሰው እሁድ እሁድ ዘንዶ ቢገድል ይፈረድበታል?

ለማታውቁት ላስረዳ። ጌሙ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሥራ አለ። አንዱ ተልእኮ ነው። መንገድ ዳር አንድ ሽማግሌ ቆሞ ታያላችሁ። አናቱ ላይ ቢጫ ምልክት አለ፤ ይህ ሰው ጉዳይ አለው ማለት ነው። ስትጠጉት "ከወንድሜ ጋር ተኳርፈን ዘመን አለፈ፤ እባክህ ይህን ማር ከተራራው ማዶ አድርስልኝ" ይላችኋል። ትሄዳላችሁ፣ ሁለት ሦስት ተኩላ ትገድላላችሁ፣ ማሩን ታደርሳላችሁ፣ ትሸለማላችሁ። ያንን ማር እኔ ሦስት ጊዜ አድርሻለሁ። አዝኜለት እንዳይመስላችሁ። ሽልማቱ ጫማ ነው፤ የፈለግኩት ጫማ ደግሞ የወጣልኝ በሦስተኛው ነው።

ሁለተኛው ሥራ ሬይድ ይባላል፤ እኛ ዘመቻ እንለዋለን። ይሄ ብቻውን ለሚሄድ ሰው አይሆንም። ሃያ አምስት ሰው በአንድ ሰዓት ይገባል። ፊት ቆሞ ዱላ የሚቀበል አለ፣ ከኋላ የሚወጋ አለ፣ የቆሰለውን የሚያክም ፈዋሽ አለ። አንዱ ቢያንቀላፋ ሃያ አራቱ ያልቃሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለኛ ነው፤ ብቻ ዘንዶው ድሩን በእሳት ይበላዋል።

የኛ ቡድን ከስምጥ ሸለቆ ከተሞች የተሰባሰበ ነው። መሪው እኔ ነኝ። በጌሙ ስሜ አባ መብረቅ ነው። ነጎድጓድ የሚባል የመቂ የሽንኩርት ደላላ አለ። አንገት ቆራጭ የሚባል አለ፤ ደራ ከተማ የሒሳብ አስተማሪ ነው፣ ዝንብ ሲገድል ይቅርታ የሚጠይቅ ዓይነት ሰው። ፈዋሻችን ዳማከሴ ትባላለች። ከወንጂ መሆኗን እንጂ ሌላ ነገሯን አላውቅም፤ ጠይቄያትም አላውቅም። ብቻ ከስንት ሞት አስጥላኛለች።

እና ሰው ሲበዛ ደንብ ያስፈልጋል አይደል? እኔ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። አዲስ ደንብ መጻፍ ሰነፍኩና የእድሩን እንዳለ ገለበጥኩት። ስሙን ብቻ ቀየርኩ። ስለዚህ የዘንዶ ገዳዮቹ ደንብ "የእድሩን ብርጭቆ የሰበረ ይተካል" ይላል። ብርጭቆ የለንም። "ድንኳን ለመትከል ተረኛ ሆኖ የቀረ ይቀጣል" ይላል። "የአባል ወላጅ ሲሞት አባላት በአካል ተገኝተው ያስተዛዝናሉ" ይላል። ሁሉም ሳያነብ "እስማማለሁ" የሚለውን ተጫነ። እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

አሁን ወደ አባቴ ልምጣ። ስሸሽ የቆየሁት እኮ ከዚህ ነው።

አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው ወንጂ፣ ሸንኮራ ሲፈጭ ነው። ካቦ ነበር፤ የፈረቃ አለቃ በሉት። እናቴ ስትሞት አዳማ አምጥቼ ከኔ ጋር አኖርኩት። እግሩ አብጦ፣ ልቡ ደክሞ፣ በከዘራ ነበር የሚንቀሳቀስ። እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኔ ለዘመቻ ስቀመጥ እሱም ወንበሩን ይስብና ከጎኔ ይቀመጣል። መጀመሪያ ሰሞን ዝም ብሎ ያያል። እየቆየ ካቦነቱ ተነሳበት። "ያ ጥግ ላይ የቆመው ምን ይሠራል?" ይላል። አየዋለሁ፤ እውነትም አንዱ የቢሾፍቱ ልጅ የጌም ሰውዬውን ጥግ አቁሞ ምሳውን እየበላ ነው። ሃያ አምስት ሰው መሀል ሥራ ፈቱን ለመለየት አባቴ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም።

አንድ ቀን እንዲሁ አንዱን አሳየኝና "እኔ ብሆን እጽፍበት ነበር" አለ። መልሶ ደግሞ "ባልጽፍበት ይሻላል" አለ።

የወንጂን ነገር ያነሳው ያን ጊዜ ነው። ኦቦ ገመቹ የሚባል የሥራ ጓደኛ ነበረው። አብረው የተቀጠሩ፣ አብረው የበሉ። አንድ ፈረቃ ላይ አባቴ ገመቹን ማሽኑ ሥር ተኝቶ ያገኘዋል። ካቦ ካቦ ነው፤ ጻፈበት። ገመቹ ከቦታው ተነሳ፣ ወደ እርሻው ተላከ። በኋላ ሲሰማ የገመቹ ሚስት ታማ ሰውዬው ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ባይኑ አልዞረም ኖሯል። አባቴ ሄዶ ይቅር በለኝ ማለት አፈረ። እፍረት ደግሞ ሲቆይ ኩራት ይመስላል። እንደዚያው ጡረታ ወጡ።

"ሳልሞት ብቻ እሱ ዘንድ አድርሰኝ" አለኝ። "ቁጭ ብዬ ይቅር በለኝ ልበለው። ሌላ አልፈልግም።"

ከአዳማ ወንጂ ስንት ነው? ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ያውም ለአንድ ሹፌር። የማስተማሪያዋ መኪና እሁድ እሁድ በራችን ላይ ነበር የምትቆም። ኦቦ ገመቹም በሌላው ቀን ልጃቸው ጋ ስለሚውሉ ቤታቸው የሚገኙት ማክሰኞና እሁድ ነው ተብሏል። ማክሰኞ ሰልጣኝ አለብኝ። እሁድስ?

"እሺ አባዬ" አልኩት፣ "ይቺ ዘመቻ ትለፍና እወስድሃለሁ።"

አለፈች። ሌላ መጣች። ትልቁ ዘንዶ ነበር፤ ሁለት ወር የተዘጋጀንበት። በየእሁዱ ሞተን እንመለሳለን። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይሄዳል፣ ነጎድጓድ የሽንኩርት መኪና ሊጭን ይጠራል። በየእሁዱ አባቴ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ይቀመጣል። በየእሁዱ "ይቺ ትለፍና" እለዋለሁ። ተቆጥቶኝ አያውቅም። "ሥራ ይቀድማል" ነበር መልሱ። ሥራ ነው ብሎ ነው የሚያምነው። ሃያ አምስት ሰው ሳዝዝ፣ አንዱን ስቆጣ፣ አንዱን ሳመሰግን ያየ ካቦ ሌላ ምን ይበል?

የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይላሉ። በእሳት መሀል አልፌ ለማላውቀው ሽማግሌ ማር አደረስኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ሽማግሌ ግን አናቱ ላይ ቢጫ ምልክት አልነበረውም። ጫማም አይሸልም።

አንድ እሁድ ዘመቻው መሀል የኢንተርኔት ፓኬጄ አለቀና ካርድ ልገዛ ወደ ሱቅ ሮጥኩ። ስመለስ አባቴ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ "አካም ጅርቱ፣ አካም ጅርቱ" እያለ በኦሮምኛ ሞቅ ያለ ሰላምታ ላይ ነው። ፊቱ በርቷል። "እነዚህ ሰዎችህ እንዴት ያሉ ደጎች ናቸው" አለኝ። እኔ ምን አደረግኩ? ማዳመጫውን ከጆሮው ላይ ቀማሁት። ዘንዶው ክንፉን ዘርግቶ ነበራ።

በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ከሥራ ስገባ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ክንድ የሚሆን ሸንኮራ አገዳ አገኘሁ። አባቴ ደክሞት ተኝቷል፤ ጫማው ጭቃ ይዟል። አገዳ እንደሆነ አዳማ በጋሪ ይሸጣል። ከየት መጣ ብዬም አልጠየቅኩ። ላጥኩና እየመጠጥኩ ቁጭ ብዬ ተጫወትኩ። ጣፋጭ ነበር፤ ይሄን ሳስታውስ ነው አሁን የሚያመኝ።

ዘንዶውን በቀጣዩ እሁድ ገደልነው። ጮህኩ፣ ዘለልኩ፣ አባቴን አቀፍኩት። እሱም ደስ አለው። "በቃ አለቀ?" አለኝ። ለሚቀጥለው እሁድ ወንጂ እወስድሃለሁ አልኩት፣ በእናቴ ምዬ። ሳቅ አለና "ተወው፣ አትቸገር" አለ። የተቀየመኝ መሰለኝ።

ረቡዕ ጠዋት እኔ ሜዳ ላይ "ፍሬን" ስል ስልኬ ጠራ። ጎረቤት ናት። ስደርስ አባቴ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አርፏል፤ ነጩን ሸሚዝ ለብሶ። የፈሩት ይደርሳል። ወንጂ ሳይሄድ ቀረ ብዬ አለቀስኩ። ሰው "አይዞህ፣ ጧሪህ ነበርክ፣ ምን አጎደልክ" ይለኛል። ምን እንዳጎደልኩ እኔ አውቃለሁ።

ለቡድኑ አንድ መስመር ጻፍኩ። "አባቴ አርፏል፣ እሁድ አልገባም" ብዬ። ከዚያ በላይ አልጠበቅኩም።

እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድንኳን ውስጥ ተቀምጫለሁ። የእድራችን ዳኛ አቶ ከፈለው በር ላይ ናቸው። አንድ ቀጭን ሰው ሁለት ጆንያ ሽንኩርት በጋሪ አስጭኖ መጣና "ይቅርታ አባት፣ የአባ መብረቅ ለቅሶ እዚህ ነው?" ብሎ ጠየቃቸው። ዳኛው እዚህ ያረፉት አቶ ደምሴ ናቸው፣ አባ መብረቅ የሚባል ሟች የለንም አሉት። ሰውዬው የለም፣ አባ መብረቅ ሟቹ ሳይሆን የእኛ ጦር አዝማች ነው አላቸው። ዳኛው ዞረው አዩኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አሥራ አንድ ሆነው ነው የመጡ። ደንቡን ያ የደራ አስተማሪ ከዳር እስከ ዳር አንብቦት ኖሯል፤ ሒሳብ አስተማሪ አይደል? "በአካል ይላል" ብሎ ሁሉንም በስልክ አስነሳቸው። አንገት ቆራጭ ጥግ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። በቪዲዮ እንኳን አይቶት የማያውቅ ሰው ለአባቴ ሲያለቅስ ሳይ እኔም ብሶብኝ ከእሱ ጋር አለቀስኩ።

መጨረሻ ላይ አንዲት ሴት አንድ ሽማግሌ ደግፋ ገባች። ድምፅዋን ስሰማ አወቅኳት። ዳማከሴ ናት፤ ጫልቱ ይባላል ስሟ። ሽማግሌውን አስቀመጠችና "አባባን ዘንዶውን ከመግደላችን በፊት በነበረው ማክሰኞ ወንጂ ድረስ አድርሼ መልሻቸው ነበር፤ አንተ የላክሃቸው መስሎኝ" አለችኝ።

ምን ትላለች ይቺ ልጅ አልኩ።

ለካ ያን ዕለት፣ እኔ ካርድ ስገዛ፣ አባቴ በማዳመጫው ከእናንተ የወንጂ ልጅ ማናት ብሎ ጠይቋል። ኦቦ ገመቹን ታውቂያለሽ ወይ ብሏታል። ጎረቤቷ ናቸው። ማክሰኞ በባጃጅ መጥታ ወሰደችው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተቃቅፈው ሲላቀሱ ዋሉ። ሲመለስ ኦቦ ገመቹ ከጓሯቸው አገዳ ቆርጠው ሰጡት። "ለልጅህ" ብለው።

ሽማግሌው፣ ኦቦ ገመቹ ማለት ነው፣ እጄን ይዘው ብዙ አዩኝ። "ኢልማ ኮ፣ ልጄ" አሉኝ። "አባትህ ባንተ ኮርቶ ነው የሞተው። ልጅህ ለምን አላመጣህም ብዬ ብጠይቀው፣ ልጄ ትልቅ ሰው ነው፣ ሃያ አምስት ነፍስ በእጁ ነው፣ በየትኛው ጊዜው ላስቸግረው አለኝ። ይቅርታውንስ ድሮ አድርጌለት ነበር፤ መንገዱን ነው ያጣነው።"

ምን ልበል? ዘንዶ ነው ልበል? አንገቴን ደፋሁ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ጌሙን ተውኩት እንድላችሁ ትጠብቃላችሁ። ሰው ከስህተቱ ይማራል አይደል የሚባለው? ይማራል። ክፍል አይዛወርም እንጂ።

ኦቦ ገመቹ ሊሄዱ ሲነሱ አንድ ነገር ለመኑኝ። ለቀብሩ አልደረስኩም፣ መቃብሩን አሳየኝ አሉ። ልጃቸውን ሌላ ቀን ስለማይመቻት እሁድ ከሰዓት ቢሆን፣ ለሚቀጥለው። ያን ጊዜ ከኋላዬ ነጎድጓድና አንገት ቆራጭ ስለሚቀጥለው እሁድ ያንሾካሹካሉ። ሰሜን በኩል አዲስ ዘንዶ ወጥቷል፣ ሁለት ራስ ያለው። ጆሮዬ አንዱን ይሰማል፣ ዓይኔ ሽማግሌውን ያያል።

አፌ ቀደመኝ። በእናቴ መቃብር፣ አስቤበት አይደለም። "እሺ አባባ" አልኳቸው፣ "ይቺ ዘመቻ ትለፍና እወስድዎታለሁ።"

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። ምነው በተቆጡ። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና "ግድ የለም" አሉ፤ "አባትህ ነግሮኛል።"