በየብስ የተቀዘፈው ታንኳ

የሰው ልጅ ወንዝን ከደፈረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ወንዝን በተጠና ዕቅድ የደፈረ ግን ከአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድ ክፍል ኃላፊ በፊት ስለመኖሩ እንጃ። ሰውዬውን ቤተሰቡም ባልደረቦቹም «ሰብሳቢው» ይሉታል፤ ሁለት ሰው ቆሞ ሲያወራ ካየ አጀንዳ ሳያስይዛቸው አያልፍም። ሚስቱን ለትዳር ሲጠይቃት እንኳ «ልንወያይበት የሚገባ አንድ ነጥብ አለ» ብሎ ነው የጀመረው። እሷም እስከ ዛሬ ትስቅበታለች።

የነገሩ ጠንሳሽ ምክትሉ ነበር። ምክትሉ አንድ ሰኞ ጠዋት ፊቱ ፀሐይ እንደመታው ቢሮ ገባና ልጆቹን ይዞ ታንኳ ሲቀዝፍ መዋሉን አወራ። ወንዙ ድንጋይ የበዛበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ታንኳውን ትከሻቸው ላይ አድርገው በእግር እያለፉ፣ ከድንጋዩ በታች መልሰው ውሃ ላይ ያወርዱት ነበር አሉ። የመሥሪያ ቤቱ ዋና ኃላፊ በዚያ ሲያልፉ ሰምተው የምክትሉን ትከሻ መታ መታ አደረጉት። ሰብሳቢው በዚያ መሥሪያ ቤት ፀጉሩ እስኪሸብት ሲያገለግል ትከሻውን የነካው ሰው የለም። በዚህም ምክንያት ቅናት ሳይሆን የልማት ተነሳሽነት ተሰማው።

የዚያኑ ቀን እራት ላይ «ለሕፃናት ምቹ የሆነ የወንዝ ጉዞ» እንደሚካሄድ አበሰረ። የሰባት ዓመቷ ልጁ ከወንበሯ ዘለለች፤ የአራት ዓመቱ ወንድሟ ምኑም ባይገባው አብሯት ዘለለ። ሚስቱ የጥርስ ሐኪም ናትና የፈራ ሰው ከበር ሲገባ ታውቀዋለች። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«ዋና ትችላለህ?»

«እኔ እኮ የጉዞው አመራር ነኝ» አላት።

ዝግጅቱ እንግዲህ በሚገባ ተጧጧፈ። ሳሎን ያለው ምንጣፍ ወንዝ ተባለ፤ ሶፋው ዳርቻ ሆነ። ታንኳ መሸከም ልምምድ ይፈልጋል ተብሎ የሚስቱ ወንድም ተጠራ። ወንድሟ መኪና መንዳት የሚያስተምር፣ ከሥራ ሲወጣ ብረት የሚያነሳ፣ ክንዱ እንደ ግንድ የሆነ ሰው ነው። ሁለቱም የልጆቹን ፍራሽ ተሸክመው የሕንፃውን ደረጃ ሲወርዱና ሲወጡ ዋሉ። ትንሹ ልጅ ፍራሹ ላይ ወጥቶ አልወርድም ስላለ እሱንም ጨምረው ነው የተሸከሙት። የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ቤተሰቡ ቤት እየለቀቀ መስሏት እያዘነች ተሰናበተቻቸው።

ቀጥሎ ሰብሳቢው ታንኳ አከራዩ ዘንድ ሄደ። አከራዩ ደግ ሰው ስለሆነ፣ ውሃው የተኛ፣ ድንጋይ የሌለበት፣ ልጆች እጃቸውን እየነከሩ የሚንሸራሸሩበት ጥሩ መስመር እንዳለ ነገረው። ሰብሳቢው ጉዳዩን በጥሞና መርምሮ ውድቅ አደረገው፤ ምክንያቱም ውሃ ይበዛበታል። የመረጠው ላይኛውን መስመር ነው። እዚያ ወንዙ በየደረሰበት ድንጋይ ላይ ይበታተናል፤ ታንኳ የሚሸከሙበት ሜዳ ግን ሰፊ፣ ሣሩ ለስላሳ፣ ዛፉ ጥላ ያለው ነው።

«ጋሼ» አለ አከራዩ ራሱን እያከከ፣ «በዚህ በኩል እኮ ታንኳው እናንተን አይሸከምም። እናንተ ናችሁ ታንኳውን የምትሸከሙት።»

ሰብሳቢው የሸክሙ መንገድ ቀላል መሆኑ በመስክ ምልከታ ተረጋግጧል ብሎ ቁልጭ ያለ መልስ ሰጠው። አከራዩም ገንዘቡን ተቀበለ።

የጉዞው ቀን ደረሰ። ልጆቹ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ተደራርቦላቸው፣ ትንሹ እጁን ወደ ታች ማውረድ አቅቶት እንደ ትራፊክ ፖሊስ ዘርግቶ ቆመ። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠርጎ የጉዞውን መመሪያ አሰማ። ሕፃናት በእግር ሲሄዱ ስለሚደክሙ፣ በየብስ ላይ ታንኳው ውስጥ ይቀመጣሉ። ውሃ ደግሞ አደገኛ ስለሆነ፣ ውሃ ዘንድ ሲደርሱ ከታንኳው ይወርዳሉ። የሚስቱ ወንድም ነገሩን ሁለት ጊዜ አሰበበት፤ ጭራሽ ሲምታታበት የታንኳውን የኋላ ጫፍ አነሳ።

ያ ታላቅ ጉዞ እንዲህ ተጀመረ። ልጆቹ ሣሩ ላይ አየሩን እየቀዘፉ በኩራት ይጓዛሉ፤ መቅዘፊያው አልፎ አልፎ የአመራሩን ጆሮ ያገኘዋል። ውሃ ሲመጣ ልጆቹ ይወርዱና ታንኳው ባዶውን ይንሳፈፋል፤ ሰብሳቢው ዳር ላይ ሆኖ እንደ በቅሎ በገመድ ይጎትተዋል። ሚስቱ ጫማዋን አውልቃ ውሃው ውስጥ ገባች። ውሃው ቁርጭምጭሚቷን እንኳ በቅጡ አልሸፈነውም። እሱ ግን ፊቱ አመድ መስሎ፣ ስለ ልጆቿ ብላ እንድትወጣ ለመናት። እሷም ሳቋን ውጣ ወጣችለት፤ ለካ ሰውዬው የእውነት ይፈራል።

አመሻሹ ላይ የሰብሳቢው አንገት ወደ አንድ በኩል ተጣሞ ቀረ፤ የሚስቱ ወንድምም ወገቡን ይዞ ሣሩ ላይ ተዘረረ። ሚስቱ ልጆቹን ጉዞው እንዴት እንደነበር ጠየቀቻቸው።

«በጣም አሪፍ ነው» አለች ልጅቷ። «ወንዙ ብቻ ነው የሚያስጠላው። እዚያ ስንደርስ ውረዱ ይሉናል።»

ሰብሳቢው ይህን እንደ ምስጋና ወሰደው። ሰኞ በተጣመመ አንገቱ ቢሮ ገብቶ፣ አንድም ሕፃን ሳይረጥብ የተጠናቀቀውን የመጀመሪያውን የወንዝ ጉዞ በሰፊው አብራራ። ምክትሉ ሳቁን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞረ። ዋና ኃላፊው ግን አልሳቁም። የልጅ ልጆቻቸው ውሃ ባዩ ቁጥር ፈርተው ቤቱን በጩኸት እንደሚያናጉት፣ እሳቸውም እንዲህ ያለ ነገር ሲፈልጉ መኖራቸውን ተናገሩ። ቅዳሜ ይዘዋቸው እንደሚመጡም አስታወቁ።

ሰብሳቢው ደስታው ከፊቱ ሳይጠፋ ችግሩ ታየው። የሚስቱ ወንድም ወገቡን ታሟል፤ የኋላውን ጫፍ የሚይዝ ሰው የለም። ይህንኑ በትሕትና ሲያመለክት ዋና ኃላፊው መስኮቱ ዘንድ የቆመውን ምክትል አዩት።

«እሱ ልምድ አለው አይደል» አሉ።

ቅዳሜ ዋና ኃላፊው ከልጅ ልጆቻቸው ጋር መጡ። ልጆቹ ብቻቸውን ይፈሩ ይሆናል ብለው እሳቸውም ኮፍያቸውን አጥልቀው ታንኳው መሐል ተቀመጡ። እሳቸው ደግሞ ደልደል ያሉ ሰው ናቸው። ሰብሳቢው ከፊት፣ ምክትሉ ከኋላ ሆነው ተሸከሙ። ምክትሉ ጥርሱን ነክሶ መንገዱ የት እንደሚያልቅ ጠየቀ፤ ሰብሳቢው በአገጩ ወደ ወንዙ ጠቆመ። እንደ ምንም ወንዙ ዳር ደረሱና፣ አሁንስ ተገላገልን ብለው ሊያወርዷቸው ጎንበስ አሉ።

ዋና ኃላፊው አንገታቸውን ቀልሰው ወደ ታች ተመለከቱ።

«በዚህ በኩልማ ውሃ አለ» አሉ። «በሌላ በኩል ዙሩ።»

ሁለቱም በአንድ አፍ «እሺ ጌታዬ» ብለው ወደ ሜዳው ዞሩ። በየእርምጃቸው ታንኳው ወዲያና ወዲህ ዘመመ። ዋና ኃላፊው ጠርዙን ጨብጠው የልጅ ልጆቻቸውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ።

«አይዟችሁ» አሏቸው፣ «ማዕበል ነው፤ ያልፋል።»