ለዳገት የታዘዘ መድኃኒት

ዳገት ማለት ከታች የቆመ ሰው አንጋጦ የሚያየው፣ ከላይ የቆመ ሰው ግን «ቁልቁለት ነው» ብሎ የሚከራከርበት የመሬት ክፍል ነው። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ልዩነቱ፣ የላይኛው ክርክሩን ተቀምጦ ሲያካሂድ የታችኛው እያለከለከ መሆኑ ብቻ ነው። ላስታ ውስጥ የተወለደ ሰው ይህን ትርጉም ከመጽሐፍ አይማረውም፤ ጉልበቱ ይነግረዋል። ሜዳ ሲታደል አገራችን ከሰልፉ መጨረሻ ቆማ የነበረ ይመስለኛል፤ ተራዋ ሲደርስ ሜዳው አልቆ ዳገት ብቻ ቀርቶ ነበር።

ሰው ከዳገት ጋር ብዙ ዘመን ሲኖር ሥርዓት ያበጃል። እኛ ዘንድ ደህና ባለበቅሎ በኮርቻው አይታወቅም፤ ዳገት ሥር ሲደርስ በመውረዱ ነው። ቄስ ይሁን ዳኛ፣ ባላገር ይሁን ሙሽራ፣ ይወርዳል፤ ልጓሙን ይዞ በእግሩ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ መልሶ ይቀመጣል። የማይወርድ ሰው ካጋጠማችሁ ወይ ታሟል፣ ወይ በቅሎዋ የሰው ናት።

ይህን ሥርዓት ወደ መኪና ያሸጋገረው ጋሽ ይመር ነበር። ጋሽ ይመር የአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነው፤ እኔ ላሊበላ ሳይንስ አስተምራለሁ። የሚስቴ ቤተሰቦች ገነተ ማርያም ስለሆኑ በዚያ ሲያልፍ ይጭነኛል። መኪናዋ ሸራ የለበሰች አሮጌ የቤንዚን መኪና ናት። ዳገቱ ሥር ሲደርስ ያቆማትና፣ ፊቱን ሳያዞር «በሉ እንግዲህ፣ እናሳርፋት» ይላል። እንወርዳለን። እሱ ብቻውን ይዟት ይወጣል፤ እኛ በእግራችን እንከተላለን፤ ጫፉ ላይ ሲጋራውን ሳይጨርስ እንደርስበታለን። መኪናዋ ጉድለት አለባት ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። በቅሎስ ጉድለት አለባት?

አብዮቱ ሦስት ይሁን አራት ዓመት ሲሞላው ግን ከከተማ አንድ ጓድ ለወረዳችን ተሾሞ መጣ። ስሙን ልተወው፤ እኛም «ጓድ ኃላፊ» እንጂ በስሙ ጠርተነው አናውቅም። ክፉ ሰው ነበር ብዬ ብነግራችሁ ታሪኩ ይቀለኝ ነበር። አልነበረም። ሰላምታ ይሰጣል፣ ጫማውን ራሱ ይጠርጋል፣ በሳይንስ ያምናል። በመጀመሪያ ጉዞው ጋሽ ይመር «እናሳርፋት» ሲል ሁላችንም ወረድን፤ እሱ ከፊት ወንበር ንቅንቅ አላለም። መኪና ሕዝብን ሊሸከም እንጂ ሕዝብ ለመኪና ሊወርድ አብዮት እንዳልተካሄደ በእርጋታ አስረዳንና እንድንመለስ ጠየቀን። ተመለስን። መኪናዋ እስከ እኩሌታው ወጣች፣ ቃተተች፣ ቆመች።

ጓድ ኃላፊ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ። ያን ዘመን ደርሳችሁበት እንደሆነ አላውቅም፤ የደረሰበት ሰው ደብተር ሲወጣ ወሬ እንዴት ቀጥ እንደሚል ያውቃል። በዚያ ወቅት ዕቃ ሲበላሽ «ተበላሸ» አይባልም ነበር። አሻጥር ነው የሚባለው። አሻጥር ደግሞ ባለቤት አያጣም፤ መሪውን የያዘው ሰው ነው። ጋሽ ይመር አስረዳ፤ ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተርም እንደ ሰው ይተነፍሳል፣ ይህን ሁሉ ሰው አዝሎ ይህን ዳገት ሲወጣ ትንፋሹ ያጥረዋል አለ። ጓድ ኃላፊ እስኪጨርስ አዳመጠውና በአየር ማሳበብ የኋላ ቀር ሰው ልማድ መሆኑን ነገረው። ቢሆንም ፍርደ ገምድል ላለመባል አላሰረውም። ለወዳጁ ጽፎ፣ በሦስተኛው ሳምንት ከከተማ አንድ ጣሳ አስመጣ። ቤንዚን ውስጥ የሚጨመር የኦክቴን መድኃኒት ነው።

ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ጉዳዩን እንዲያይ በተቋቋመው ኮሚቴ ፊት እንዳነብበው ተጠራሁ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። ኦክቴን የቤንዚን ትዕግሥት መለኪያ ነው። ቤንዚን ሞተር ውስጥ ከአየር ጋር ሲጨመቅ ብልጭታው እስኪመጣ መጠበቅ አለበት፤ ትዕግሥት ያጣው ሳይጠሩት ይቀጣጠልና ሞተሩ እንደ ተቆጣ እንግዳ ያንኳኳል። መድኃኒቱ የሚረዳው እንዲህ የሚያንኳኳውን ነው። ቆላ ወርዶ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መናኛ ቤንዚን ቀድቶ ከባድ ጭነት ለሚጎትት ሰው ይጠቅማል፤ አልክድም። ደጋ ላይ ግን የሚጨመቀው አየር ራሱ ስስ ስለሆነ መናኛው ቤንዚን ሳይቀር ጨዋ ይሆናል። የእኛ መኪና አንኳኩታ አታውቅም። የጎደላት ትንፋሽ ነበር፤ የመጣላት ትዕግሥት ነው። ትዕግሥትማ ላስታ ውስጥ መቼ ጠፍቶ።

ጣሳው ሐቀኛ ጣሳ ነበር። ከታች በደቃቅ ፊደል፣ ሞተርዎ የማያንኳኳ ከሆነ ምንም ለውጥ አይጠብቁ ይላል። እኔ ይህን ዓረፍተ ነገር «እንደየሞተሩ ሁኔታ ይለያያል» ብዬ ተረጎምኩት። እንግሊዝኛዬ ደህና ነው። ያጠረኝ እንግሊዝኛ አልነበረም።

ጓድ ኃላፊ ብይኑን ሰጠ። መድኃኒቱ ገብቶላት ዳገቱን ከወጣች ጥፋቱ የቤንዚኑ ነው፤ ጋሽ ይመር ነፃ ይወጣል። መድኃኒቱ ገብቶላት ካልወጣች ግን እንዳትወጣ የሚፈልግ ሰው አለ ማለት ነው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ካሣው አጠገቤ ተቀምጦ ነበር።

«መምህር፣ ይቺ ነገር ቀዳዳ የላትም?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ሞልቷት።»

«እና ማን ይናገር?»

«አንተ ሊቀመንበር ነህ።»

«አንተ ደግሞ የተማርክ ነህ» አለኝ። ኮሚቴው ሲያጨበጭብ ሁለታችንም አጨበጨብን።

በማግስቱ ለፈተናው ወጣን። ምስክር በዓይኑ ማየት አለበት ተብሎ የኮሚቴው አባል ሁሉ ተሳፈረ፤ ከወትሮው በሦስት ሰው በዛን። ጋሽ ይመር አንድ በአንድ ሲቆጥረን ቆየና «ለቀብር እንኳ ይህን ያህል ሰው ጭኜ አላውቅም» አለ። ዳገቱ ሥር ሲደርስ አቆመ፣ ባነበብኩለት ልክ መድኃኒቱን ቀዳ፣ ጠብታ ሳያፈስ ጨመረ። እንዲሠራለት ከልቡ ፈልጎ ነበር። ክዳኑን እያጠበቀ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መምህር፣ ይሠራል?» አለኝ። «እናያለን» አልኩት። በሕይወቴ ከተናገርኳቸው ቃላት ሁሉ ያቺን መልሼ ብውጣት እወድ ነበር።

መኪናዋ ተነሣች። እኩሌታውን አለፈች። ለአፍታ እኔም አመንኩ፤ ሳይንስ የማስተምረው ሰውዬ፣ ኦክቴን አየር እንዲሆንልኝ ተሳልኩ። ጫፉ ሃያ እርምጃ ያህል ሲቀረው ድምፅዋ ወፈረ፣ ተንቀጠቀጠች፣ ቆመች። ጋሽ ይመር ትንሽ ወደ ኋላ እየለቀቀ ሦስት ጊዜ ሞከረ። ሦስቴም እዚያው።

በዚህ መካከል አንድ ሽማግሌ ቄስ ጃንጥላቸውን እየተመረኮዙ ከኋላችን ወጥተው ደረሱብን። አዩን፤ መኪናዋን አዩ።

«ልጆቼ፣ ሁለት ሦስታችሁ ብትወርዱላትስ?» አሉ።

በዚያ አገር ሽማግሌ ቄስ ጠይቀው ዝም ሲባሉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የወረደ ሰው ከአሻጥረኛ ጋር ወረደ ይባላል፤ ሁላችንም ይህን እናውቃለን። እጄ የበሩ እጀታ ላይ ነበር። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ እጀታ የጨበጠ እጅ ሁሉ በር እንደማይከፍት እንድታውቁት ነው። ካሣው እኔን ያያል፣ እኔ ካሣውን አያለሁ። አንድ ሰው ቢቀድም ሁላችንም ተከትለን እንወርድ ነበር። ቄሱ ጥቂት ጠበቁን፤ ከዚያ ሃያዋን እርምጃ በእግራቸው ወጥተው ከዓይናችን ተሰወሩ።

ጋሽ ይመር ሞተሩን አጠፋ። ቁልፉን በጋቢው ጫፍ ጠርጎ ለጓድ ኃላፊ ሰጠና፣ «ፍሬኗ ብቻውን አይይዛትም፤ ከጎማዋ ሥር ድንጋይ ሳታደርጉ እንዳትለቋት» አለ። እኔን አየት አደረገኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ቃለ ጉባኤው እዚያው ዳገቱ ላይ ተጻፈ። መድኃኒቱ በሳይንሳዊ መንገድ ተፈትኖ ጉድለት እንዳልተገኘበት፣ ጉድለቱ የሾፌሩ መሆኑ እንደተረጋገጠ ይገልጻል። ሁለት ቦታ ሰዋስው ያረምኩለት እኔ ነኝ። ሦስተኛው ፊርማም የእኔ ነው። የተረፈው የጣሳው ግማሽ ንብረት ክፍል ገባ።

ጋሽ ይመርን ኮን ከተማ እስር ቤት ወሰዱት። በወሩ ባለቤቱ እትዬ ዘሀራ ስንቅ ይዛ ብትሄድ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል አሏት። የተባለው ቦታ ሄዳ ስትጠይቅ እንዲህ የሚባል ሰው አልመጣም አሏት። ስንቁን ይዛ ተመለሰች።