ቤት አይቶ የማይገዛው ሰው

ዓመቱን በውል አላስታውሰውም፤ ብቻ ደብረ ታቦር ላይ የቤት ገበያ ቀጥ ያለ ጊዜ ነው። ደላላ ጓደኞቼ ወደ ድንች ንግድ ሲዞሩ፣ እኔም ሥራውን ልተወው ምንም አልቀረኝ።

መቼም ቤት አይቶ የማይገዛ ሰው ታውቃላችሁ? የቀረኝ ደንበኛ እንዲህ ያለ ልብስ ሰፊ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፤ ግድግዳ ያንኳኳል፣ ጣራ ያያል፣ «ባለቤቴን ላማክር» ብሎ ይሄዳል። ሐሜት አይሁንብኝና፣ ሚስት እንኳ የለውም!

አንድ ቅዳሜ ግድግዳ ሲያንኳኳ፣ ጎረቤቷ እሜቴ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

«አንቱ! ቤቱን ለማን ሊያሸጡት ነው?»

«ለእኒህ ሰውዬ ነዋ።»

«ሞቼ ነው ቆሜ! ከማላውቀው ሰው ጋራ አጥር ለአጥር? ለልጄ እገዛዋለሁ!»

በማግስቱ ተዋዋልን! እሱማ «ገና እያማከርኩ ሳለ» ብሎ ተቀየመኝ። ይቀየም። ዛሬም ደላላ ነኝ፤ ከሥራዬ እንዳልወጣ ያደረገኝም ይኸው ልብስ ሰፊ፣ ሰይድ ነው።