ከአያ ይስማው ጋር ያለኝ ሙግት

ወዳጅ መቼም ወዳጅ ነው፤ ሲጠግብ ይረሳችኋል። ባላጋራ ግን አይረሳም። ማለዳ ተነስቶ ፊቱን ሳይታጠብ እናንተን ያስባል፤ ምን እንደምትሉ፣ ምን ብሎ እንደሚመልስላችሁ ሲያወጣ ሲያወርድ ይውላል። እስቲ ንገሩኝ፣ ከሚስታችሁ በቀር እንዲህ አድርጎ የሚያስባችሁ ማን አለ? እሷም ብታስብ ነው።

በእኛ አገር፣ በጅጋ ዙሪያ፣ ሙግት እንዲያው መካሰስ ብቻ አልነበረም። ከሳሽና ተከሳሽ የሸማቸውን ጫፍ ቋጥረው ጎን ለጎን ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። መንገድ ላይ አንዱ ውሃ ቢጠማው ሌላው አብሮት ወንዝ ይወርዳል፤ ምን ያድርግ፣ ተቋጥሯል! ስንቁም ያው አንድ ላይ ይበላል። እንዲህ ተሳስረው አብረው የሄዱትን ሰው መጥላት እንዴት ከባድ እንደሆነ የሚያውቀው የሞከረው ብቻ ነው።

የእኔ ባላጋራ አያ ይስማው ነበር። ጎረቤቴ ነው። በዕድሜ እሱ ይበልጠኛል፣ በቁመት እኔ እበልጠዋለሁ፣ በአንደበት ማን እንደሚበልጥ ግን ዳኛም ሳይቆርጠው ቀረ። የእሱን እርሻ ከእኔ የሚለየው አንድ ወንዝ ነው። አያቶቻችን ሲዋሰኑ «ድንበራችን ወንዙ ይሁን» ተባብለው ነበር። ወንዙ ግን ቃሉን አላከበረም። አንድ ክረምት ሞልቶ የእኔን መሬት ሰነጠቀና በአዲስ መንገድ ወረደ። በአሮጌው ቦይና በአዲሱ መካከል ያለችው ለም መሬት ከተኛችበት ሳትነሳ ተሻግራ በእሱ በኩል ተገኘች።

«ድንበሩ ወንዙ ነው ተብሏል፤ ወንዙ ሄደ፣ ድንበሩም አብሮት ሄደ» አለ አያ ይስማው።

«ወንዝ ቢሰደድ መሬት አይሰደድም» አልሁ እኔ።

በዚህች ነገር ስንት ዓመት እንደተሟገትን አልነግራችሁም፤ ትስቃላችሁ። ዋርካው ሥር የሚያስችሉት ሽማግሌ ዳኛችን አንድ ቀን ወደ እኔ፣ አንድ ቀን ወደ እሱ ያዘነብላሉ። በላ ልበልሃ ተባብለን፣ ዘንጋችንን እያወዛወዝን፣ በጉንዶ ማር እየተወራረድን ስንከራከር እንኳን ጎረቤቱ ከወጀት ድረስ (የዛሬዋን ፍኖተ ሰላም ማለቴ ነው) ሰው መጥቶ ይሰማን ነበር።

ከዚያ ጣሊያን መጣ።

ቡሬ ላይ ምሽግ ሠራና «ከእንግዲህ ከእኔ በቀር ፈራጅ የለም» አለ። ዳኛችን ቤታቸው ዋሉ። እኔና አያ ይስማውም ተጠራን። እንደ ልማዳችን ሸማችንን ቋጥረን ወደ ቡሬ አቀናን። እኔ መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀሁትን ክርክር በልቤ የማነበንብ መስሎኝ ነበር።

«አላምረው፣ ዝግ አድርገህ ተናገር» አለኝ አያ ይስማው። «ሁሉንም እየሰማሁብህ ነው።»

የጣሊያኑ ሹም ጠረጴዛ ይዞ ተቀምጧል፤ አስተርጓሚው አጠገቡ ቆሟል። ይህ አስተርጓሚ አማርኛችንን እንደ ጥሬ ባቄላ እያኘከ የሚተፋ ሰው ነበር። ጉሮሮዬን ጠረግሁና ጀመርሁ። ከአያቴ ተነሳሁ፤ ወንዙን ከሰስሁ፤ ክረምቱን ምስክር ቆጠርሁ፤ ሰሙን ከወርቁ አዋደድሁት። አያ ይስማው እንኳ ነገሩ በእሱ ላይ መሆኑን ረስቶ «እሰይ!» አለ። አስተርጓሚው ወደ ሹሙ ዞረና ሁለት ቃል ተናገረ። ሁለት!

ሹሙ መልሶ አንድ ነገር ጠየቀ።

«ከሁለታችሁ ዘመዱ ዱር የገባ ማነው?» አለን አስተርጓሚው።

የአያ ይስማው ታናሽ ወንድም ዱር ቤቴ ብሎ ከአርበኞቹ ጋር ነበር። አገር ያውቀዋል። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። አያ ይስማው ግን በዳኛ ፊት መዋሸት አልለመደም፤ ዳኛው ማንም ይሁን። «የእኔ ወንድም ነው» አለ።

ፍርዱ ወዲያው ወጣ። የተሟገትንባት ቁራሽ መሬት ብቻ ሳትሆን የአያ ይስማው እርሻ በሞላ ለእኔ ተሰጠ።

«እኔ ይህን አልጠየቅሁም!» አልሁ።

«አመስግን» አለኝ አስተርጓሚው።

«አላመሰግንም!»

ወደ ሹሙ ዞሮ ተናገረ። ሹሙ ፈገግ አለልኝ።

«ምን አልኸው?»

«አመስግኗል አልሁት። ነፍስህን ላተርፍልህ ነው፤ ሂድ።»

አንድ ባንዳ መጥቶ የሸማችንን ቋጠሮ በሳንጃ ቆረጠው። ስንመለስ ማንም ሳያስረን ጎን ለጎን ሄድን። አሮጌው ቦይ ዘንድ ስንደርስ አያ ይስማው ቆመ።

«አላምረው፣ ረትተኸኛል?»

«አልረታሁህም፣ አያ።»

«እንግዲያው ቀጠሮ ስጠኝ።»

«ጣሊያን የወጣ ዕለት፣ ዋርካው ሥር።»

«ዋስህ ማነው?»

ግራ ቀኙን ባይ ከእሱ በቀር ሰው የለም። «አንተው ነህ» አልሁት። ከት ብሎ ሳቀ። በማግሥቱ ጠመንጃውን አንግቶ ወንድሙ ወዳለበት ሄደ።

እኔም ሚስቱን ጥሩነሽን «እርሻሽን እንደ ወትሮሽ አሳርሺ፤ ምርቱም የራስሽ ነው። ጠያቂ ከመጣ ግን የአላምረው ነው በይ» አልኋት። ምሥጢሩ የሁለታችን ነው፤ ስሙ የጠፋው ግን የእኔ። ጅጋ ገበያ ስወጣ ሰላምታ የሚሰጠኝ ታጣ። «የጎረቤቱን መሬት በጣሊያን እጅ የበላ» ይሉኛል። እውነቱን ብናገር መሬቱ ለባንዳ ይተላለፋል። ዝም አልሁ። ለተሟጋች ሰው ዝምታ ጾም ነው፤ ፋሲካው የማይታወቅ ጾም።

ከሐሜቱ የባሰው ግን ናፍቆቱ ነበር። ለካስ የእኔ ነገር የሚጥመው እሱ ሲመልስልኝ ኖሯል! አንዳንዴ ብቻዬን ዋርካው ሥር እሄድና ክርክሬን አሰማለሁ። መልስ የለም። ሲጨንቀኝ እሱ ይቆምበት ከነበረው ቦታ ሄጄ፣ እንደ እሱ ጢሜን ይዤ፣ ዓይኔን ከደን አድርጌ ለራሴ እመልሳለሁ። አንድ ቀን እዚያ ቆሜ ሳለሁ ከአፌ አንድ ጥያቄ ወጣ፦ «በአባትህ ዘመን ወንዙ ወደ እኛ ዘልሎ አንዲት ጥግ መሬት ወደ እናንተ ሲያሻግር፣ አባትህ መልሷት ነበር?»

አልመለሳትም። እስካሁንም የማርሳት እኔ ነኝ። ይህን እሱም አላነሳው፣ እኔም አላሰብሁት። ሮጬ ሄጄ «አያ፣ ረትተኸኛል!» ልለው ተነሳሁ። ወዴት ልሂድ?

ጣሊያን ወጣ። ዱር የነበሩት ጎፈሬያቸውን እንዳንጨፈረሩ ተመለሱ፤ ወንድሙም መጣ። አያ ይስማው የለም። «አንድ ውጊያ ላይ ተለያየን» አለ ወንድሙ። «ሲወድቅ አላየሁም፤ ሲነሳም አላየሁም።»

ዳኛችን ዋርካው ሥር ተሰየሙ። ጥሩነሽ ነገሩን ሁሉ ለአገር ነግራ ስለነበር ያልመጣ ሰው አልነበረም። የአያ ይስማው ስም ተጠራ። መልስ የለም።

«በቀጠሮው የቀረ ይረታል፤ ሕጉ ይኸው ነው» አሉ ዳኛው።

«ጌታዬ፣ እኔ ስለ እሱ ልቁም» አልሁ።

ፈቀዱልኝ። በእሱ ቦታ ቆሜ ራሴን ተሟገትሁት። እንደዚያ ቀን አንደበቴ ተፈትቶ አያውቅም። ያን ጥያቄ ሳነሳ ሕዝቡ አጉረመረመ። ዳኛው ለአያ ይስማው ፈረዱ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። የፈለግሁት ይኸው ነበር። ግን ሰው ሁሉ ሊነሳ ሸማውን ሲሰበስብ «ይግባኝ!» ብዬ ጮህሁ።

«ምን ሆነሃል አንተ ሰው?» አሉ ዳኛው። «ራስህ ረትተህ፣ ራስህ ተረትተህ፣ ይግባኝ የምትለው በማን ላይ ነው?»

ከሴቶቹ መካከል ጥሩነሽ ተነሳች።

«አባቴ፣ ይፍቀዱለት» አለች። «ጉዳዩ ከተዘጋ ስሙን ማን ይጠራዋል?»

«ለከርሞ ተቀጥሯል» አሉ ዳኛው።

መሬቷን ጥሩነሽ ታርሳታለች፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። እኛ ግን በየዓመቱ በቀጠሯችን እንሰበሰባለን። «ይስማው! ቀርበሃል?» ተብሎ ይጠራል። ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ መንገዱ ያዞራል።

«አልቀረበም» ይላሉ ዳኛው።

«ይጠበቅልኝ» እላለሁ እኔ።