ቁልፍ ተጭኖ ደጅ የሚጠና

ደጅ መጥናት የቀረ ይመስልዎታል? እንግዲያውስ ደብረ ማርቆስ ብቅ ይበሉና ባልደረባዬን ጥላዬን ይዩልኝ። እሱ ፕሮግራም ይጽፋል፤ እኔ ፕሮግራሙን የሚሞክርበትን ሰርቨር እሰጠዋለሁ። እሰጠው ነበር ልበል እንጂ! ሰው ሁሉ እኔን ሳይለምን ራሱ እንዲያገኝ ብዬ፣ በመሥሪያ ቤታችን የውስጥ ድረ ገጽ ላይ አንድ ቁልፍ ሠራሁ። እሱን ሲጫኑት ሰርቨሩ ወዲያው ይከፈታል።

ጥላዬ ይጫናል። ከዚያ ኮቱን ቆልፎ በሬ ላይ ይቆማል።

«ተጭኛለሁ፤ እንግዲህ አደራህን።»

ሰርቨሩ ሲከፈት ዘግይቶበት ይሆናል ብዬ አፈጠንኩት፤ ጥላዬም ፈጥኖ መጣ። ሲጫን የሚሞላውን ቅጽ አሳጠርኩለት፤ ምርቃት ጨመረልኝ። ስብሰባ የገባሁ ዕለትማ ሰርቨሩ ተከፍቶ እየጠበቀው፣ እሱ በሬ ላይ እስከ ምሳ ቆሞ ሥራው ሳይደርስለት ዋለ።

«አንተ ሰው፣ ተከፍቷል እኮ!» አልኩት።

«መከፈቱንማ አይቻለሁ። ቢበላሽብኝስ ማንን ልበል?»

ከቁልፉ ሥር «ከተበላሸ እኔ አለሁ» ብዬ ስሜንና ስልኬን ጻፍኩበት።

ከዚያ ወዲህ ጥላዬ መጥቶ አያውቅም። እኔ ግን ኮሪደሩ ላይ የሰው ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ቀና ብዬ በሩን አያለሁ። ለካ ደጅ ማስጠናትም ሱስ ነው!