አስመሳይን የሚይዘው ጥያቄ

ከትምህርት ቤት ደብተሬ ሌላ ምንም ጽፌ አላውቅም፤ ብሳሳት አትሳቁብኝ። የማወራችሁ፣ ሰው ሁሉ አስመሳይ ስለሚመስለው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው አልገጠማችሁም? እኔን ኮምቦልቻ ላይ ገጠመኝ።

እጮኛዬ ሰይድ ከጦርነቱ ወዲህ እንቅልፍ የለውም፤ በር ሲላተም ጠረጴዛ ሥር ይገባል። ሠርጋችንም እስኪሻለው ድረስ ቆሟል። ሕክምና እንዲያገኝ መጀመሪያ ሕመሙ እውነት መሆኑ ኮምቦልቻ ላይ በጥያቄ ይፈተን ተባለ። በጥያቄው መሃል እውነተኛ ሕመምተኛ የማይሰማው ነገር ይሰነቀራል፤ ለዚያም "አዎ" ያለ አስመሳይ ነው። ብልሃቱ ግሩም ነው! ግን ትልቅ ሰው ለተናገረው "አይደለም" ብሎ መመለስ በእኛ አገር ነውር መሆኑን ለፈተናው ማን ይንገረው?

"ስትደነግጥ ጥርስህ ይዘፍናል?" አሉት ሽበታሙ መርማሪ።

"እርስዎ ካሉ፣ አባባ።"

"ሰማዩስ አረንጓዴ ይሆንብሃል?"

"ይሆናላ! እርስዎን ዋሹ ልበል እንዴ?"

መርማሪው ሌባ እንደያዘ ዘበኛ ደረታቸውን ነፉ። "አስመሳይ ነው፤ ይዘሽው ሂጂ" አሉኝ። አፍሬ አንገቴን ደፋሁ።

ወደ ደሴ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ በመስኮት ውጭ ውጭውን ያያል። ድሮ ደሴ ፒያሳ ላይ ሲስቅ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ የሚያየው ሰይድ ናፈቀኝ፤ አጠገቤ ተቀምጦ ናፈቀኝ።

"በሰውየው ተናደድክ?" አልኩት።

"ወላሂ አልተናደድኩም፣ ሐያት። ምነው እሳቸው እንዳሉት ማስመሰል በሆነ! ዛሬውኑ ትቼው አገባሽ ነበር።"