አይብ መላጫ የታጠቁት ሽማግሌ

በቀል ላይ ሰው ሁሉ ባለሙያ ነው። ያ የበደላችሁ ሰው ድንገት ቢገጥማችሁ ምን እንደምትሉት፣ እጃችሁን የት እንደምታሳርፉበት፣ አውቶቡስ ስትጠብቁ ስንት ጊዜ አሰናድታችሁታል? አትዋሹኝ። እኔ ራሴ፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አንገቴን ደፍቼ የምቆመው ሰውዬ፣ የአንድ የቀበሌ ሊቀመንበር ፊት ከአዲስ አበባ እስከ ኦስሎ ተሸክሜ መጥቻለሁ፤ ሻንጣዬ ሲፈተሽ እሱን ማንም አላየብኝም። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ብሎ የተረተው ሰው እኔን ሳያውቀኝ አልቀረም።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ኦስሎ ውስጥ ኦከርን በሚባል ሰፈር ባለ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ እሠራ ነበር። ሥራዬ ሽማግሌዎችን ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት፤ ከሁሉም በላይ ግን ከጋሽ ኡላቭ ጋር ቪዲዮ ማየት ነበር። «ጋሽ» ያልኳቸው እኔ ነኝ። የኖርዌይ ቋንቋ አንቱታን ከጣለ ቆይቷል፤ እኔ ግን ሰማንያ አራት ዓመት የሞላቸውን ሰው በአፌ «አንተ» እያልኩ በሆዴ «አንቱ» እላቸው ነበር።

ጋሽ ኡላቭ የሚወዱት አንድ የካውቦይ ፊልም ብቻ ነው። በሐሰት የተወነጀለ ሰው ወደ ትንሽ ከተማው ይመለስና ከሸሪፉ ጀምሮ እስከ ፀጉር አስተካካዩ ድረስ አንድ በአንድ ይለቅማቸዋል። በየቀኑ ከምሳ በኋላ ያው ከተማ ያልቃል። ጋሽ ኡላቭ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርገው፣ ብስኩታቸውን እያላመጡ፣ አንድ ሬሳ በወደቀ ቁጥር «ያ» ይላሉ። አዎ፣ ደግ አደረገ፣ ማለታቸው ነው።

አንድ ቀን አዲስ ሽማግሌ መጡ። ሃልቫር ይባላሉ። ረጅም፣ ጸጉራቸው በወግ የተበጠረ፣ ላገኙት ሁሉ ፈገግ የሚሉ ሰው ናቸው። ጋሽ ኡላቭ ገና ሲያዩዋቸው ብስኩቱ ከእጃቸው ወደቀ።

ጋሽ ኡላቭን ክፍላቸው ስወስዳቸው ነገሩን አወጡልኝ። ሁለቱ በሰሜን በኩል በአንዲት የዓሣ አጥማጆች ከተማ አብረው አድገዋል። በወጣትነታቸው አንድ ጀልባ ጠፋ። ሃልቫር ዳኛ ፊት ቆሞ «ኡላቭ ሲወስድ አይቻለሁ» አለ። አላየም። ጋሽ ኡላቭ ስድስት ወር ታሰሩ፤ እስር ቤት ሳሉ እናታቸው ሞቱ። ለቀብር አልደረሱም። ከተፈቱም በኋላ ያችን ከተማ አልረገጧትም።

«ስድሳ ዓመት ጠበቅሁት» አሉኝ። «አሁን በገዛ እግሩ መጣልኝ።»

በማግስቱ አልጋቸውን ሳነጥፍ ከትራሱ ሥር የአይብ መላጫ አገኘሁ። እዚህ አገር የማይኖርበት ማዕድ ቤት የለም፤ አይቡን እንደ ወረቀት አሳስቶ ይልጠዋል። በዚህ መላጫ ሰው ለመግደል ሳምንት ሙሉ ሲልጡ መክረም ያስፈልጋል። ቢሆንም ሳቄ አልመጣም። ለአለቃዬ ብናገር ጋሽ ኡላቭን ወደ ሌላ ቤት ያዛውሯቸዋል። ዝም ብል ደግሞ ደም ይፈሳል፤ እንጀራዬም አብሮ። ፈራጅ ለመሆንስ እኔ ማን ነኝ? ሊቀመንበሬን በሆዴ ይዤ!

«መላጫውን ለእኔ ይስጡኝ» አልኳቸው። «በአፍ ብቻ ከሆነ እኔው ወስጄ አገናኝዎታለሁ።»

«ያ» አሉ። «ግን ፊት ለፊት አስቀምጠኝ። ዓይኑን ልየው።»

ነጭ ሸሚዝ አለበስኳቸው። ክራባት አምጣ አሉኝ፤ አሰርኩላቸው። ተሽከርካሪ ወንበራቸውን እየገፋሁ ሳሎን ስንደርስ ሃልቫር ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ፊት ለፊት አቁሜ ፍሬኑን ያዝኩ።

ጋሽ ኡላቭ ተናገሩ። ጀልባውን፣ ዳኛውን፣ እስር ቤቱን። ድምፃቸው የተሰበረው እናታቸው ላይ ሲደርሱ ብቻ ነው። ሃልቫር አንዲት ቃል ሳያመልጣቸው አዳመጡ። እንባቸው ወረደ። ይቅርታ ሊጠይቁ ነው ብዬ መሀረብ አወጣሁላቸው።

ሃልቫር የወንበሩን ክንድ በቡጢ መቱት።

«ምን ዓይነት አውሬ ነው!» አሉ። «በሐሰት መስክሮ? እናትህን እንኳ ሳትቀብር? ማነው ይሄ ሰው? ስሙን ንገረኝና አሁኑኑ አብረን እንሂድበት!» ብለው ከወንበሩ ሥር ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ።

ሃልቫር የመርሳት በሽታ እንዳለባቸው ፋይላቸው ላይ ተጽፎ ነበር። ፋይል የማነብ ሰው ብሆን ኖሮ።

ጋሽ ኡላቭ አዩዋቸው። እንባቸውን አዩ፤ አንዱን ጫማ አጥልቀው ሌላውን ሲፈልጉ አዩ። በስድሳ ዓመት ውስጥ ለእናታቸው ያለቀሰላቸው ሰው ይህ የመጀመሪያው ነበር። አንድ ስም ብቻ ነው የቀረው። አፋቸውን ከፈቱ፤ ዘጉት። እንደገና ከፈቱ።

«ስሙ...» አሉ፣ «ስሙ ጠፋኝ።»

ሃልቫር ጠጋ ብለው ጉልበታቸውን መታ መታ አደረጉላቸው።

«አይዞህ» አሉ። «እርጅና ነው።»